ውሃ ያልጠጣው ታንኪ

አባዬ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። መካ ላይ ከቀበርንህ ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ሴት ልጅ መቃብር አትሄድም ስለሚሉኝ ሰላምታዬን የምልክልህ በእማዬ ወንድም፣ በአጎቴ ሰይድ በኩል ነበር። እሱ ግን የሰው መልእክት ያሳጥራል። እኔ ግማሽ ሰዓት ያወራሁትን «ልጅህ ረውዳ ሰላም ብላሃለች» ብሎ እንደሚጨርሰው አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ በራሴ እጅ ጻፍኩ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በሙሉ ጤንነቴና ማንም ሳያስገድደኝ የምሰጠው ቃል አለ። በመሣሪያ ሣጥንህ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለህ ትደብቀው የነበረውን ሐላዋ የበላሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ብቻም አይደለም። ስኳር በሽታ ስላለብህ ሐላዋ መያዝህን እማዬ ማወቅ የለባትም፤ ስለዚህ ሌባውን መክሰስ አልቻልክም። አይጥ ናት ብለህ ወጥመድ ገዛህ። ወጥመዱን ዘላ ሐላዋውን ብቻ የምትመርጥ አይጥ እንዳለችህ ለደንበኞችህ ስታወራ፣ እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ «ሱብሓነላህ» እል ነበር። አፉ በለኝ።

ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። እስኪ መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ፤ እጄ እስኪፍታታ።

እማዬ ኦብሑር ባሕሩ ዳር አንድ ቪላ ምግብ አብሳይ ሆና ገብታለች። ሐሙስ መጥታ ቅዳሜ ጠዋት ትመለሳለች። መዳሟ ጨው ስለማትወድ እዚያ ያልጨመረችውን ጨው ሁሉ አርብ አርብ እኛ ላይ ታራግፈዋለች። ከመካው ነካሳ ሰፈር ስንነሳ ባሕራ ከተማ የተከራየኸው ቤት እንዳለ ነው፤ ከፊት ወርሻው፣ ያ የብየዳ ቤትህ፣ መሐል ግቢው፣ ከኋላ እኛ። ወርሻውን አጎቴ ሰይድ ያዘው። የሥራ ሱሪህን ይለብሳል፤ አንተ ረጅም እሱ አጭር ስለሆነ እግሩን አራት ጊዜ አጥፎ ነው። ወሎ ሲደውል ደግሞ እንዴት እንደሚጮህ ታውቃለህ፤ ስልኩን ቢዘጋውም የሚሰሙት ይመስለኛል።

ሥራውን ግን እንዳንተ አድርጎ ነበር የያዘው። ይሄን ማንም እንዲጠራጠር አልፈልግም።

የሚያፈስ የነዳጅ ታንኪ ፈትቶ የሚያመጣልህ ሾፌር ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ ኸላስ ባዶ ነው፣ ያላ ቶሎ በይድልኝ። አንተ «ባዶ» የሚለውን ቃል ስትሰማ እናትህን የሰደቡብህ ያህል ፊትህ ይጠቁር ነበር። ሙሉው ይነዳል፣ ባዶው ግን ይፈነዳል ትላቸዋለህ። ቤንዚኑ ቢወጣም ትንፋሹ ይቀራል፤ ትንፋሹ ከአየር ስለሚከብድ ታንኪው ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፣ ከወጣም መሬት ለመሬት እየተሳበ እሳት ይፈልጋል። አፍንጫም አይታመንም፣ ሽታውን ለምዶ የለም ይልሃል። ቢታጠብም በዝገቱና በስፌቱ ውስጥ የተደበቀው እሳት ሲሞቀው ይወጣል። ይሄን ሁሉ ለስንት ሾፌር እንደደጋገምከው! እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ ከንፈሬን ካንተ እኩል አንቀሳቅስ ነበር፤ አንድም ቃል ሳልስት። ታዲያ በቃሌ መያዜ ምን ጠቀመ?

በሙቅ ውሃና በሳሙና ሁለቴ ታጥበዋለህ። ከዚያ ግቢው መሐል ታስቀምጠውና፣ ከሚበየደው ቦታ ሥር እስኪደርስ ውሃ ይሞላል፤ ትንፋሹ መተኛ ቦታ እንዳይኖረው። አፉም ክፍት ይሆናል። ቧንቧው ያለው ኩሽናችን ውስጥ ስለሆነ ጎማውን በመስኮት አውጥቼ ውሃውን የምሞላው እኔ ነበርኩ። አንተ ወርሻው ውስጥ ሆነህ መበየጃውን እያዘጋጀህ ትጮሃለህ፤ «ጠጥቷል ወይ?»

መካ አፍንጫ ሥር ቆሞ በየቀኑ ጠጥቷል ወይ እያለ የሚጮህ ሙስሊም አንተ ብቻ ነህ እልህ ነበር። ያገራችን ሾፌሮች በሳቅ ይሞታሉ። እኔም «ጠጥቶ ሰክሯል!» ብዬ እመልሳለሁ። አስተግፊሩላህ በይ እያልክ ትመጣና፣ ጣትህን በታንኪው አፍ አስገብተህ፣ ርጥብ ጣትህን ለኔም ለሾፌሩም ታሳያለህ። ያለዚያ እሳት አትለኩስም። አንድ ቀን አኩርፌ፣ አታምነኝም ወይ ብዬ ጠየቅኩህ። «አንቺን አምናለሁ፤ የማላምነው ታንኪውን ነው» አልከኝ። አንድ የዒድ ቀን እንግዶች ፊት ጣቴን ሻይህ ውስጥ ነክሬ «ጠጥቷል» ስል አንተ ራስህ እንባህ እስኪወርድ ሳቅክ። ያን ዒድ መቼም አልረሳውም።

እንግዲህ ከባዱ።

ከአንድ ወር በፊት፣ ማክሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አንድ ሾፌር የፒክአፑን ታንኪ አመጣ። አጎቴ ሁለቴ አጠበው፣ ግቢው መሐል አስቀመጠው፣ ውሃ ሙይበት ብሎኝ ወደ ወርሻው ገባ። እኔ ስልኬን መስኮቱ ላይ አቁሜ ለክፍል ጓደኞቼ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነበር። ስለማን መሰለህ? ስለ አጎቴ። ሱሪዬን አራት ጊዜ አጥፌ፣ የውሃውን ጎማ እንደ ስልክ ጆሮዬ ላይ ይዤ፣ ወሎ እየደወልኩ ነበር።

በዚህ መሐል ድምፁ መጣ። ያንተኑ ቃል ነው የወረሰው፤ «ጠጥቷል ወይ?» አለ።

ቧንቧውን ገና አልከፈትኩም ነበር። ግን ካሜራው እያየኝ ነበር፤ ቀልዱ ደግሞ አፌ ላይ ዝግጁ ነበር። «ጠጥቶ ሰክሯል!» አልኩ። ማሻአላህ ሲል ሰማሁት። ውሃ ሞልቼ ስጨርስ ጎማውን መልሼ ስለምሰበስብ፣ ግቢው ውስጥ ጎማ ባያይ አልገረመውም። መበየጃውን ይዞ ሲወጣም ጣቱን አላስገባም። አንተ ታንኪውን አላመንክም፤ እሱ እኔን አመነኝ።

አሁኑኑ ልከፍተው ነበር እኮ፣ አባዬ። ቪዲዮው አምሮልኝ ስለነበር አንዴ ብቻ ልየው ብዬ ቁጭ አልኩ።

ድምፁን አላስታውሰውም። የማስታውሰው የመስኮቱ መስታወት ጭኔ ላይ ሲፈስ ነው። ስወጣ ታንኪው ከስፌቱ ተተርትሮ እንደ ሰርዲን ቆርቆሮ ተከፍቷል። ከመንገድ ሮጦ የገባው ሾፌር አንተ በሩ ላይ የሰቀልከውን እሳት ማጥፊያ አውርዶ ይረጫል። አጎቴ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ግራ እጁን ወደ ላይ ይዞ ያየዋል። ቅንድብ የለውም። እኔን ሲያይ የጠየቀኝ እኔ ተጎድቼ እንደሆነ ነው።

እጁ እስከ ክርኑ ተቃጥሏል። ግራ ጆሮው አይሰማም። መካ ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ተኝቶ ወጣ። ያን ቀን ከሶላት በኋላ ያለው አንድም ነገር ትዝ አይለውም። ሰው የማያስታውሰውን በምን እንደሚሞላው ታውቃለህ? እሱ በራሱ ጥፋት ሞላው። ሳልጠይቃት ለኮስኩት ይላል ለመጣው ጠያቂ ሁሉ። ብጠይቃት ኖሮ ትነግረኝ ነበር፤ እርጅና ነው፣ ጭንቅላቴ ሄዷል ይላል። ሽማግሌዎቹም ሻያቸውን እየጠጡ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሟቹ ሳይጠይቅ እሳት አይነካም ነበር እያሉ አንተን ያመሰግናሉ። እኔ ሻይ እቀዳለሁ። ሽማግሌ እንደ ዘበት ሲፈርድ መሳቅ ልማዴ ነበር። አሁን ግን የሚፈርዱት እኔ በሰጠኋቸው ዝምታ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ከሆስፒታል በወጣ በማግስቱ የታሸገ እጁን በሌላኛው ደግፎ ፊቴ ተቀመጠ። «ልገድልሽ ነበር፣ አፉ በይኝ» አለኝ። ያ ትልቅ ሰው አለቀሰ።

እኔ ምን ያልኩት ይመስልሃል? አፉ ብያለሁ አጎቴ አልኩት። እኔ ለሱ፣ አባዬ። አቅፌውም ነበር።

ነገ ከዙህር በኋላ የወርሻውን ቁልፍ ለስፖንሰራችን፣ ለከፊሉ፣ ሊያስረክብ ነው። ከዚያ ወሎ ይገባል። የሚረሳ ሰው እሳት መያዝ የለበትም አለ። እማዬ ለምና ለምና ተወችው፤ ልክ ነው፣ እኔም የሚረሳ ሰው እሳት እንዲይዝ አልፈልግም። እሱ ግን አልረሳም። ጠይቋል። ቪዲዮው ስልኬ ላይ አለ፤ እኔ ሱሪዬን አጥፌ እየተንቀለቀልኩ፣ ከጀርባ የሱ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ላጠፋው ጣቴን አስጠግቼ አውቃለሁ። ላሳየውም ወርሻው በር ድረስ ሄጄ አውቃለሁ። ሁለቱንም ሳላደርግ ወር ሞላኝ። አላህ እያየኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ግን አንተ የምታይ ከሆነ ነው። ይሄን ማለቴ ራሱ ወንጀል ሳይሆን አይቀርም። እሱንም አፉ በለኝ።

አንተን በለቅሶ አስታውስሃለሁ ብዬ ቃል አልገባም። ለቅሶዬን አይተኸዋል፣ ምሳ እስኪደርስ ነው። ቃል የምገባልህ ሌላ ነው፤ በዓይኔ ያላየሁትን ነገር ሰው ሲጠይቀኝ አዎ አልልም። ለቀልድም ቢሆን። እስከኖርኩ ድረስ ያን አፌን ስይዘው አንተን ማስታወሴ እንደሆነ እወቅልኝ።

አባዬ፣ አጎቴ ከጁምዓ ተመልሶ መጣ። እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው የምጽፈው፤ የጨረስኳቸው ገጾች ንፋስ እንዳይወስዳቸው ድንጋይ ጭኜባቸው አጠገቤ አስቀምጫቸዋለሁ። ለማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ለአባቴ አልኩት። ሌላ ቀን ቢሆን ሰብስቤ ቀሚሴ ሥር እከታቸው ነበር። ዛሬ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ድንጋዩን አነሳና የመጀመሪያውን ገጽ ወሰደ። እንዳንተው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው የሚያነበው። ቀና ብዬ እንዳላየው መጻፌን ቀጥያለሁ።

እየሳቀ ነው። ሁለተኛውን ገጽ አነሳ። አሁንም ይስቃል፣ ስለ ስልኩ መሆን አለበት። ሦስተኛውን አነሳ።

ሳቁ ቆመ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋው ይሰማኛል። መልሶ ከላይ ጀመረው። እኔ ልጨምር የምችለው ነገር የለኝም፤ ስልኩ ጭኔ ላይ ነው፣ ቪዲዮውን ከፍቼዋለሁ።

«ረውዳ» አለኝ።