በርበሬ ይዤ በየደጁ

ከሚሴ፣ ኅዳር 5 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለኢማን ዓብዱ
ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ ልጄ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማት የነበረው ተሽሏታል። ምላሷ እንደሆነ ታሞም አያውቅ፤ ይኸው አሁን ይህን ስጽፍ ከጓዳ ሆና «ይህንንም ጻፍላት፣ ያንንም እንዳትረሳ» እያለች ታዘኛለች። እኔ ደግሞ «እሺ ፋጡሜ» እያልኩ የራሴን እጽፋለሁ።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ጎረቤታችን ሙህዲን ነው። ዘንድሮ አላህ ብሎለት ለሐጅ ይሄዳል። ጅዳ ሲደርስ ለአክስትሽ ልጅ ለፈይሩዝ ይሰጣታል፣ እሷ ታደርስልሻለች። ለምን በስልክ አልነገርከኝም እንዳትይ። አንቺ እመቤትሽ አጠገብሽ ቆማ፣ እኛ እዚህ ተጠጋግተን አንድ ቀፎ ላይ ጆሯችንን ደቅነን፣ ወሬያችን መቼ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነን»ን አልፎ ያውቃል?

ባለፈው ስትደውዪ «አባ፣ ውሌ ከዓረፋ በኋላ ያልቃል። ለሁለት ዓመት ልፈርም ወይስ ልምጣ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም «እስቲ እናስብበት» አልኩሽ። ስልኩ እንደተዘጋ እናትሽ «ትምጣ አትልም ነበር?» ብላ ጮኸችብኝ። «መጥታስ ምን ልንበላ?» ብዬ እኔም ጮህኩባት። የጡረታዬን ነገር ታውቂዋለሽ፣ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ቤቱን የያዝሽው አንቺ ነሽ። «ነይ» ለማለት አፌን የሚሞላልኝ አንድ ነገር ያስፈልገኝ ነበር፤ እሱን ፍለጋ ወጣሁ።

እና ነጋዴ ሆንኩልሽ። አዎ፣ አባትሽ። ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ፋይል ሲያወጣና ሲያስገባ የኖረው ሰውዬ አሁን የእናትሽን በርበሬ፣ ሽሮና በሶ በዘንቢል ይዞ በየሰዉ ደጅ ይዞራል። ሳቂ፣ ግድ የለም፤ ከሚሴም ስቋል። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። እናትሽ በርበሬዋን ለአንድ ባለሱቅ ታስረክብ ነበር። ባለሱቁ ከሌላ እየቀላቀለ «የፋጡሜ ነው» ብሎ ሲሸጥ፣ ወፍጮ ቤት ያገኛት ሁሉ «ምነው ፋጡሜ፣ እጅሽ ተበላሸ?» ይላት ጀመር። ተቃጥላ ቤት ገባች። «ታዲያ መሐል ላይ ባለሱቁ ምን ያደርጋል? ለምን ራሳችን ለሚበላው ሰው አንወስድለትም?» አልኳት። መናገር ቀላል ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ልንገርሽ። ከመስጊዱ ጀርባ ወዳለው ሰፈር ሄጄ አንድ በር አንኳኳሁ። ሴትዮዋ ወጣች። «ወዓለይኩም ሰላም! አካም ጅርቱ? ነጋ ጅርቱ? ልጆቹ ደህና? ከብቱ ደህና? ኮታ፣ ይግቡ እንጂ አባባ!» ሰላምታው በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ አለቀ ስል እንደገና በኦሮምኛ ተጀመረ። ገባሁ፣ ተቀመጥኩ። ገንፎ ቀረበልኝ፣ በላሁ። ከዚያ «በሉ ዱዓ ያርጉልን» ተባልኩ። መቼም ደንባችን ነው፤ ሽማግሌ ቤት ገብቶ ሳይመርቅ አይወጣም። እጄን ዘርግቼ ለልጆቹም ለከብቱም፣ ለጨፋ ሜዳ ማሽላ ሳይቀር ዱዓ አደረግኩ። ቤቱ በሙሉ «አሚን! አሚን!» አለ። ዘንቢሉ እግሬ ሥር ነው። እስቲ አንቺው ፍረጂኝ፣ ዱዓ ባደረግኩበት አፍ «በርበሬ ግዙኝ» ይባላል? አልቻልኩም። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ቤትም እንዲሁ ሆነ። የሚቀጥለው ግን ባሰ። ስወጣ ባለቤቲቱ ተከትላኝ መጣችና የተጠቀለለ ብር እጄ ውስጥ ሻጥ አድርጋ «አባባ፣ እንዳያፍሩ፣ ሶደቃ ነው» ብላኝ ተመለሰች። ለካስ ዘንቢል ይዤ ገብቼ፣ በልቼ፣ ዱዓ አድርጌ ስወጣ ስታየኝ ኑሮ የከበደኝ ሽማግሌ መስያታለሁ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ብሩን መስጊድ ደጅ ላሉት ሰጥቼ፣ ዘንቢሌን እንደሞላ ይዤ ቤት ገባሁ። እናትሽ የሆነውን ስትሰማ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስቃ ሲወጣላት ነጠላዋን አነሳችና «ተነስ፣ እትዬ አሻ ዘንድ እንሂድ» አለችኝ።

እትዬ አሻን አትረሻትም፤ ያቺ ሻሽና ሽርጥ ተሸክማ ከቤት ቤት የምትዞረው ናት። ዛሬ አያት የሆኑትን ሴቶች ገና ሙሽራ ሳሉ ጀምሮ ስትሸጥላቸው ኖራለች። ጉዴን ሰምታ አልሳቀችም። «አንተ ዓብዱ፣ እንግዳ ሆነህ ገብተህ ነጋዴ ሆነህ ልትወጣ ነው የፈለግከው?» አለችኝ። «አይሆንም። ዘንቢሉን ደጃፉ ላይ ክፈት፣ የበርበሬው ሽታ ቀድሞህ ይግባ። ለምን እንደመጣህ ከታወቀ በኋላ ብላ፣ ጠጣ፣ ዱዓህንም አድርግ። ማንም አይቀየምህም።»

እኔም እንደ ጀማሪ ተማሪ ጓዟን ተሸክሜ ከኋላዋ መዞር ጀመርኩ። ልጄ፣ መዝገብ ቤት ሳለሁ ያላየሁት ነገር! እትዬ አሻ ጨርቋን አታሞግስም። ዘርግታ በሴትዮዋ ጉልበት ላይ ታስቀምጠውና ስለ ሠርግ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሌላ ሌላ ታወራለች። ሴትዮዋ እያወራች ጨርቁን በጣቷ ታሻሸዋለች። ከዚያ እትዬ አሻ «በሉ ልሂድ» ትልና ጨርቁን ቀስ ብላ ማንሳት ትጀምራለች። «ጨርቁን አትይ፣ ያን ጊዜ ፊቷን እይ» አለችኝ። አየሁ። እውነትም ፊት ላይ የሆነ ነገር ይመጣል! ሴትዮዋስ የምትፈልገውን ትታ መጀመሪያ የማትፈልገውን ዋጋ የምትጠይቀው ለምንድን ነው? ከውድ ዕቃ ይልቅ ርካሹ ላይ ረጅም ክርክር የሚነሳውስ? አላስቆም አላስቀምጥ ብዬ ስጠይቃት «ወላሂ አንተ ሰውዬ፣ ነጋዴ ነህ ፖሊስ?» ብላ ተቆጣችኝ።

ሁለተኛው አስተማሪዬ ቶፊቅ ይባላል። ለሥራ ጀማሪዎች ሥልጠና ይሰጣል ሲባል ሰምቼ ተመዘገብኩ። አዳራሹ ሙሉ ወጣት ነው፤ ሽበት ያለብኝ እኔ ብቻ ነኝ፣ እጄን ደጋግሜ የማወጣውም እኔው። ቶፊቅ ወረቀት ላይ ክብና ቀስት እየሣለ ያስተምራል እንጂ ከወረቀት ብቻ የተማረ አይደለም። በልጅነቱ ከባቲ ከሚሴ የላስቲክ ጫማ እያዞረ ሸጧል። ከስሮም ያውቃል፤ ለምን እንደከሰረ ሳያፍር ሲነግረን በጣም ወደድኩት። «ዕቃውን ስትሸጡ ሥራው አላለቀም» ይላል። «ተመልሳችሁ ሂዱና እንዴት ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ዝም በሉ። ማን ብዙ እንደሚገዛ እዩ፣ ለምን እንደሚገዛም ጠይቁ።»

ይህን ለእትዬ አሻ ስነግራት አልተቀበለችም። «ሂሳብ የተዘጋበትን ነገር ምን ያስጠይቃል? ራስህ ሄደህ ቅሬታ ልትቀሰቅስ?» አለች። እኔ ደግሞ ማን ልክ እንደሆነ ለማወቅ ቸኮልኩና እንደ እትዬ አሻ ምክር ዘንቢሌን ደጃፍ ላይ ከፍቼ ወደሸጥኩላቸው ቤቶች ተመለስኩ። በርበሬው ለልጆች በዛ፣ ያቃጥላል አሉኝ። መጥቼ ለእናትሽ ነገርኳት። እትዬ አሻም ልክ ነበረች፤ ፋጡሜ አኩርፋ ስንት ቀን አላናገረችኝም! በኋላ ግን ማንም ሳያዛት ለልጆች የሚሆን ለስለስ ያለ ቀመመች፣ እሱም ተወደደ። ስለዚህ ቶፊቅም ልክ ነበር። ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ትምህርት ይገርመኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በየቤቱ ስዞር አብዛኛው ሰው ትንሽ ትንሽ ነው የሚገዛኝ። አንዳንድ ቤት ግን በርበሬውንም ሽሮውንም በሶውንም ባንድ ጊዜ ያፍሳሉ። ሰርግ አለ እንዳልል ሰርግ የለም። የቶፊቅን ነገር ይዤ «ለምን ይሆን ይህን ያህል?» ብዬ ጠየቅኩ። «ልጅቱ ልትሄድ ነው» አሉኝ። ሌላ ቤት ጠየቅኩ። «ልጅቱ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው፣ ስንቅ ነው።» ጨፋ ሮቢት ገበያም ወርጄ ከገጠር የመጡትን እናቶች ጠየቅኩ፤ መልሱ ያው ነው።

ቶፊቅ ይህን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሳ። «ጋሽ ዓብዱ፣ ገበያዎን አገኙት! ሻንጣ ውስጥ የማይፈስ አድርገው ያሽጉት። የሚሄዱ ልጆች ያሉበትን ቤት እየጠየቁ ቀድመው ይድረሱ» አለኝ። እትዬ አሻም «እኔ ለሚሄዱት ዓባያ ቀሚስ የምሸጠው ከመቼ ጀምሮ ነው! አሁን ገና ነቃህ?» አለችኝ። ሁለቱ አስተማሪዎቼ ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት በዚህ ነው። እኔም አደረግኩት፤ ንግዱም ብድግ አለ። የስንቁን በርበሬ እናትሽ ራሷ ድርብ አድርጋ ታሽገዋለች፣ እኔን አታምነኝም። አንድ ቀን እያሰረች «ለኢማንም እንዲህ ነበር ያሰርኩላት» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ደጅ ወጣሁ። ልጄ፣ አንቺን ልመልስበት ያልኩት ንግድ የሚፋፋው የሰው ልጅ በተሸኘ ቁጥር ሆነ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአንቺ ግን እነግርሻለሁ፤ ከብዶኛል።

በዚህ ሳምንት ረቢአ የምትባል ሴት ቤት ሄድኩ። ልጇ ዓዲላ ጥር ላይ ትሄዳለች። ካንቺ በጥቂት ታንሳለች፣ ዓይኗ ፈጣን ነው። እናቲቱ የፈለገችውን ገዛችኝ፣ መረቅኩ፣ ወጣሁ። ልጅቱ እስከ አጥሩ ሸኘችኝና እናቷ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ የርስዎም ልጅ እዚያ ናት አሉኝ። እንዴት ነች?» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት» አልኳት።

«እሱንማ ሁሉም ይላል። ስንት ሰዓት ትተኛለች? የምትተኛው የት ነው? የምትበላው ብቻዋን ነው? ሲያማት ማን ያያታል? ደጅ ትወጣለች?»

ቆምኩ። አንዱንም አላውቅም። የሰውን ልጅ በርበሬው አቃጠለው አላቃጠለው ብዬ ሁለት ጊዜ የምመላለስ ሰው፣ ልጄ የምትተኛበት ክፍል መስኮት ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት «ደህና ነኝ» ስትዪኝ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በላይ ልጠይቅሽ ፈራሁ መሰለኝ፤ ብትነግሪኝ ምን አደርግ ነበር? ልጅቱ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ውሸት ልነግራት አልቻልኩም፣ እውነቱንም አላውቀውም። «ጠይቄ እነግርሻለሁ» ብያት መጣሁ። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ንግዱ ገና ዳዴ እያለ ነው። አንቺ የምትልኪውን አይተካም። የስንቁን ገበያ ከተውኩት ደግሞ ይብሱን ያንሳል። ብትመጪ የምናካፍልሽ ሐሳብና ዘንቢል ነው። እናትሽ «ይህን አትጻፍላት፣ ትፈራለች» እያለችኝ ነው፤ እኔ ግን የጎደለውን ደብቄ ነይ አልልሽም። ሁለተኛ ዘንቢል አለን፣ አብረን እንዞራለን። አብሽሪ።

ስለዚህ ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው፤ አትፈርሚ። ዓዲላ የጠየቀችኝን ጻፊልኝ ብዬ አልጠይቅሽም፣ ሙህዲንም መልስ ይዞ እንዲመለስ አልነገርኩትም። ከጥር በፊት ድረሺ። ረቢአ ቤት ይዤሽ እሄዳለሁ፣ አንቺ ራስሽ ለልጅቱ ትነግሪያታለሽ፤ እኔም ደጃፉ ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

እስከዚያ አላህ ባለሽበት ቤት ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን፣ ወደ ከሚሴ የሚመጣውን መንገድ አጭር ያድርግልሽ። እናትሽ ከጓዳ «አሚን» ብላለች።

የሚናፍቅሽ አባትሽ
ዓብዱ ሙሀመድኑር