በጆሮ መስሚያው ውስጥ ያገኘሁት

ውድ አባዬ፣

እሁድ እሁድ በስልክ እየተገናኘን ምን ደብዳቤ አስጻፋት እንደምትል አውቃለሁ። ይሄን ነገር በስልክ ልጀምረው ስል አፌ ይተሳሰራል፤ ስለ ዝናቡ አውርቼ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ላይ ይሻለኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ጥገና ሱቃችን ገቡ። ሚስትየዋ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ ናቸው። ባልየው በመሀረብ የተጠቀለለ የጆሮ መስሚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ “ልጄ፣ አንድ ወር ሙሉ ስጮህ ጉሮሮዬ አለቀ” አሉኝ።

“ምን አለሽ?” አሉኝ ሚስትየዋ።

ሌላ ቦታ ወስደውት “አይጠገንም፣ ጣሉት” ተብለዋል። እኔም ያንኑ ልደግም ነበር፤ ይሄን በሚያህል ዕቃ ውስጥ ከቺፕ በቀር ምን ይኖራል ብዬ። ግን ሴትየዋ አፍ አፌን ሲያዩኝ እምቢ ማለት አቃተኝ፤ ከፈትኩት።

አባዬ፣ ውስጡ ሽቦ አለ! ከፀጉር የቀጠነ፣ አንዱ ቀይ አንዱ አረንጓዴ፣ ከቦርዱ ተነስቶ የጤፍ ፍሬ ከማታክል ብየዳ ላይ የሚያርፍ። ቀዩ ተላቅቋል። ሌላ ምንም አልነበረበትም።

ያን ቀን መቼም አልረሳኸውም። አንተ ጥግህ ላይ ተቀምጠህ ቁርጥራጭ ሽቦ በየቀለሙ ስትለይ፣ እኔ ደንበኛ ፊት፣ “አባዬ፣ የዛሬ ዕቃ እኮ ሽቦ የለውም፤ ይሄን ኮተት ለምን አንጥለውም?” አልኩህ። ደንበኛው ሳቀ። አንተም ሳቅህ። በሳምንቱ “እህቴ ናፈቀችኝ” ብለህ ሻንጣህን አንስተህ ሄድክ። ናፍቆት ብቻ እንዳልሆነ ያኔም ገብቶኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን እንዳልገባው ሰው ዝም አልኩ።

ሽቦውን ልበይድ ሁለቴ ሞከርኩ። የቀለጠው የብየዳ እርሳስ እየተንከባለለ አልይዝ አለኝ። በሦስተኛው ትዝ አልከኝ። ገና ተማሪ ሳለሁ የራዲዮ ጥምጥም ሽቦ ስታስይዘኝ፣ “ይሄ ቀለም ለብሷል፤ መጀመሪያ አስወልቂው። ከዚያ እስትንፋስሽን ያዢ” ያልከኝ። ጫፉን መበየጃው ላይ አቆየሁት። ቀለሙ ጨሰ፣ መዳቡ ወጣ። እስትንፋሴን ያዝኩ። ተጣበቀ።

ሴትየዋ ጆሯቸው ላይ አደረጉትና ወደ ጣሪያው ቀና ብለው፣ “ይሄ ማራገቢያ ሁልጊዜ እንዲህ ይንጫጫል?” አሉ።

ባልየው በለመዱት ድምፅ፣ “ሰማሽ ወይ?” ብለው አንባረቁ።

“ምን ያስጮህሃል? ደንቆሮ ነኝ አልኩህ?”

ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን። ባልየው ግን እየሳቁ እንባቸውን በዚያው መሀረብ ሲጠርጉ አየኋቸው።

“ማነው ያስተማረሽ?” አሉኝ ሴትየዋ።

“አባቴ።”

“ታዲያ የት ነው?” ሲሉኝ “እህቱ ጋ ሄዷል” ብዬ መበየጃውን ነቀልኩ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ አንድ የሞተ ስልክ አውጥቼ በዝግታ ፈታሁት። ስልኩን የሚያንዘረዝረው ሞተር ውስጥ ጥምጥም ሽቦ። ድምፅ ማጉያው ውስጥ ሌላ ጥምጥም። ከአንቴናው የሚመጣ ቀጭን ጥቁር ገመድ። ስንት ዓመት በየቀኑ ሳያቸው ሽቦ ብዬ አልጠራኋቸውም። እርግጥ ብዙው ቦርዱ ላይ የታተመ መስመር ሆኗል፤ እዚያ ላይ አልዋሸሁህም። ሽቦ የለም ማለቴ ግን ስህተት ነበር። ሰው ፊት ማለቴ ደግሞ ብልግና። ይቅር በለኝ፣ አባዬ።

አክስቴ የሰፈሩን ካውያና ምድጃ ሁሉ አንተ እንደምትጠግን፣ ከጎረቤቶቿም ጋር ስትስቅ እንደምትውል ነግራኛለች። ደስ ብሎኛል፤ ስለዚህ ጠቅልለህ ካልመጣህ ብዬ አላስጨንቅህም። አስተማሪዋ ግን ወሬውን ለጓደኞቻቸው ነዝተውታል መሰለኝ፣ ዛሬ ሦስት የጆሮ መስሚያ መጣልኝ። ሁለቱን ሠርቻለሁ። የሦስተኛው ሽቦ ከሥሩ ነው የተበጠሰው፤ ባለቤቱ ትርፍ ስላላቸው አልቸኩልም ብለውኛል። አስፈቅጄ ለአንተ አቆየሁት።

ሐሙስ መናኸሪያ ወጥቼ እጠብቅሃለሁ። አልመጣም ካልክ ደግሞ ቅዳሜ መስሚያውንም መበየጃውንም ይዤ እዚያው ከች እላለሁ።

አክስቴን ጉንጯን ሳምልኝ።

አፏን የማትይዘው ልጅህ