ለጀርቢሏ ያመጣሁላት ባልንጀራ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ሙቀቱስ፣ የምትሠሪላት እመቤት ቁጣስ እንዴት ይዞሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ውርጩ ጀምሯል፤ ገብሱም ታጭዶ ተከምሯል።

ይህን ደብዳቤ ወደ ጂዳ የምትመለሰው የአዩብ ሚስት በእጇ ትሰጥሻለች። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ምላሴ እምቢ አለኝ። ባለፈው ጁምዓ ስለዚያች የበረሃ አይጥሽ፣ ስለ ጀርቢሏ ስትጠይቂኝ ደህና ናት ያልኩሽ ውሸት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ልጄን ዋሸሁ።

ሁለቱን ጀርቢሎች ከጂዳ በካርቶን ይዘሽ ስትመጪ፣ ዐረብ አገር ከርሞ አይጥ ይዞ የሚመለስ አላየሁም ብዬ ሰድቤሽ ነበር። ትተሻቸው ስትሄጂ ግን ያበላኋቸው እኔ ነኝ። አንደኛዋ የሞተች ጊዜ፣ የቀረችው አርጅታለችና ባዕድ እንዳይገባባት፣ ብቻዋን እንድትኖር፣ ሰው ግን ከአጠገቧ እንዳይርቅ ነግረሽኛል። አልረሳሁትም። እኔ ግን ፊደል ያለ አስተማሪ የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ አይጥ ማኖር ከልጄ አልማርም አልኩ። ፍጥረት ሁሉ ጥንድ ነው ብዬ ፈረድኩ። ደግሞም ቀኑን ሙሉ እህቷ የተኛችበትን ጭድ ስታገላብጥ ማየት አልቻልኩም።

ከክምሩ ሥር አንዲት የሜዳ አይጥ በጣሳ ያዝኩ። ጎረቤታችን ፈይዛ አይታኝ፣ "ኧረ አባባ፣ እርስዎ ከሰፈሩ ሰው ጋር ሳይስማሙ ለአይጥ ጎረቤት ያመጣሉ?" ብላ ሳቀች። ሽንኩርትሽን ላጪ አልኳት። "ይቺ የሜዳዋ የቤቷን ትበላታለች። አልነገርሽኝም እንዳይሉ" አለችኝ። እልህ ያዘኝና እዚያው ዓይኗ እያየ አይጧን ጀርቢሏ ሳጥን ውስጥ አስገባኋት።

ዙሁር ሰግጄ ስመለስ የአሮጊቷ ጀርቢል ግማሽ ጆሮ የለም፤ የጅራቷ ጫፍ ቆዳው ተገፏል። የሜዳዋ አይጥ መሀል ተቀምጣ የእሷን የሱፍ ፍሬ ትፈለፍላለች። እጄን ስሰድ አሮጊቷ ትነክሰኛለች ብዬ ነበር። መዳፌ ላይ ወጥታ ተንቀጠቀጠች። ልጄ፣ በሽማግሌ ፊት ተከስሼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ግን አፍሬ አላውቅም። ፈይዛ መጥታ አየች። ውሃ በጨው አፍልታ ሰጥታኝ ሄደች። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቁስሏ ደርቋል። የተቀቀለ ገብስ በጣቴ አላሽቄ ስሰጣት ትበላለች። ከእንግዲህ ብቻዋን ትኖራለች፤ እንዳልሽው ይሁን። እኔም መኝታዬን እሷ ወዳለችበት ጓዳ አዛውሬአለሁ። ጓዳው ይሞቃል፣ ለወገቤ ብዬ ነው። ፈይዛ ሌላ ነገር ብትነግርሽ አትስሚያት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ውልሽ ሲያልቅ ልምጣ ወይስ ላድስ ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ ለእኔ ብለሽ እንዳትመጪ፣ እኔ ማንም አያሻኝም ብዬሽ ነበር። የዚያን ቀን ጉልበቴ አሞኝ ነበር። ያን ቀን የተናገርኩት ሁሉ ልክ ነው ብዬ አልከራከርሽም።

አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። በወጣሽበት እግር በሰላም ይመልስሽ፤ የለፋሽበትን ለራስሽ ያድርግልሽ። አሚን።

አባትሽ
ከመካነ ሰላም