አንድ ምልክት የጎደለው በር

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን።

ሰሞኑን መሥሪያ ቤት ጉድ ፈላ። በሩ በቁጥር ነው የሚከፈተው፤ የኮምፒውተር ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰው የሚጽፈው ቁጥር ከተመዘገበው ጋር እኩል መሆኑን እንዲጠይቅ ሁለት የእኩል ምልክት ማድረግ ሲገባኝ አንዱን ዘለልኩት። አንዱ ብቻውን አይጠይቅም፤ የተጻፈውን አጥፍቶ የተመዘገበውን በቦታው ያስቀምጣል። በሩ ለመጣው ሁሉ ወለል አለ።

አለቃዬ «የድሮዎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ለማስቀመጥ ከእኩል ፊት ሁለት ነጥብ ያደርጉ ነበር። ኋላ የመጡት፣ ማስቀመጥ ከመጠየቅ ይበዛል ብለው አጭሩን፣ አንዱን እኩል፣ ለማስቀመጥ ሰጡት» አለኝ። አጭሩ ጉድ ሠራኝ።

እማዬም ደኅና ናት። በር ሲንኳኳ ድሮ «ማነው?» ትል አልነበር? አሁን «ልጄ መጣ!» ብላ ትከፍታለች። ትናንት የመብራት ቆጣሪ አንባቢውን በስምህ ጠርታ፣ «ምነው ከሳህ?» እያለች አገላብጣ ሳመችው። ደግ ሰው ነው፤ ዝም ብሎ ተሳመላት። እኔም ጠዋት ስወጣ በሩን ከውጭ መቆለፍ ጀምሬአለሁ፤ ለንፋሱ ነው።

የመሥሪያ ቤቱን በር በአንድ ምልክት አስተካከልኩት።

ስትመጣ ስምህን ሳትናገር አንኳኳና ቁም። እማዬ «ማነው?» ስትልህ መስማት አምሮኝ ነው።

እስክንተያይ አምላክ ጤናህን ይጠብቅልኝ።

ታናሽህ