ስለላኩልን የኃይል ቁጠባ ምስክር ወረቀት

ለተከበሩ የአካባቢያችን የመብራት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቢሮዎ መብራት ደህና ነው ወይ?

እኔ ከሲሚንቶ ፋብሪካው አጥር ማዶ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰፈራችን የኃይል ፍጆታውን በግማሽ ቀንሶ፣ የአየር ብክለትንም ተከላክሎ «አርአያ» መሆኑን የሚገልጸው ባለማኅተም ምስክር ወረቀትዎ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ መብራታችንን አጥፍተው ሲያበቁ ስለቆጠባችሁ ብለው የሚያመሰግኑ ሰው ከእርስዎ ሌላ አይቼ ስለማላውቅ፣ ውለታዎን በምን ልመልስ ብዬ ስጨነቅ ይህችን ደብዳቤ ጻፍኩ።

፩. ፋብሪካው ሊተከል ሲል አዳራሽ ጠርተውን፣ ዕድገት መጣላችሁ፣ መብራቱም ሥራውም ይትረፈረፋል ብለውን ነበር። ዕድገቱስ መጥቷል፤ ሲያጓራ ይሰማኛል። መብራታችን ወደ እሱ ስለዞረ እኔም የኤሌክትሪኩን የስፌት መኪና ጨርቅ አልብሼ ወደ እግሩ መኪና ተመልሻለሁ። ጉልበቴ እጅግ አድርጎ ያመሰግንዎታል።

፪. ስለ ንጹሕ አየራችን። ምስክር ወረቀቱን በሰቀልኩ በሦስተኛው ቀን የጭስ ማውጫው ብናኝ ስለሸፈነው፣ «ንጹሕ» የምትለዋን ቃል ለማንበብ መወልወል ግድ ሆኖብኛል። ነጭ ሸሚዝ አጥቤ ካሰጣሁ ግራጫ ሆኖ ይገባል። አንዱ ደንበኛዬ ግራጫ አላዘዝኩም ብሎ ቢቆጣ፣ የዕድገት ቀለም ነው ብዬ አስረድቼዋለሁ። አልገባውም።

፫. አንጀቴን ያሳረረው ግን ይኸኛው ነው። ልጄ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናት፤ ከተመረቀች ሦስት ዓመቷ፣ ሥራ ግን የለም። ለወጣቶቻችን ቃል የተገባውን ሥራ ማሽን ወሰደው፤ ከመንገዳችን ልጆች የተቀጠሩት ሁለት ዘበኞች ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት የፋብሪካው ግንብ ስለሚሞቅ ተደግፈውት ይውላሉ። ባለፈው ወር የእርስዎው መሥሪያ ቤት ባለሙያ ፈለገና፣ ፈተናውን እያንዳንዱ ከተመዘገበበት ቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ይውሰድ አለ። ቀኑንም መብራታችን የሚጠፋበት ዓርብ አደረገው። ባትሪው በሞተ አሮጌ ኮምፒውተር እየተፈተነች አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ድርግም! በማግስቱ የደረሳት መልስ «ተፈታኟ በራሷ ፈቃድ አቋርጣለች» ይላል። በራሷ ፈቃድ! ሁለት ቀን ሙሉ ከአልጋዋ አልወረደችም።

አቤት ብላ ብላ ሁለተኛ ዕድል ተሰጥቷታል፤ እሱም ዓርብ ነው። ማስታወቂያው ከሃያ ስምንት ዓመት በታች ስለሚል፣ እሷም በሚመጣው ወር ሃያ ስምንት ስለምትሞላ፣ ሌላ ዕድል የላትም። እንግዲህ የምለምንዎ በዚህ ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት መብራታችንን እንዲተዉልን ነው። ሁለት ሰዓት ብቻ። አርአያነታችን የሚጓደል ከሆነ ምስክር ወረቀቱን ወልውዬ እመልሳለሁ።

ስለ ታላቅ አሳቢነትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
በማኅተም የተመሰከረላት መብራት ቆጣቢ፣ ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሰኞ በዕድገት ስብሰባዎ መሀል የቢሮዎ መብራት ሲጠፋ፣ ባለሙያዎችዎ ሁሉ ፋብሪካው ዘንድ ስለነበሩ ዘበኛዎ እየሮጠ መጥቶ የወሰዳት ልጄን እንደነበረ አልነገሩዎት ይሆናል። በሩብ ሰዓት አበራችልዎ። ሥራ ይኖር እንደሆን ብትጠይቅ፣ ጸሐፊዎ በኮምፒውተር ተፈተኚ ብላ ሸኘቻት። ልጄ ንገሪልኝ ያለችው፣ የተቃጠለውን ገመድ መለወጫ ስላልሰጧት ለጊዜው ብቻ እንዳያያዘችውና ከዓርብ እንደማያልፍ ነው። ዓርብ ጠዋት ድርግም ቢልብዎ ግን ፈተና ላይ ናትና አትመጣም፤ እኛም ጽሕፈት ቤቱ በራሱ ፈቃድ አቋርጧል ብለን እንመዘግባለን።