አዲስነቱ ስለተጠበቀው የእድራችን ፍሪጅ

ለክቡር አቶ ሰብስቤ፣
የሰፈራችን የመረዳጃ እድር ሊቀመንበር፣
ኮልፌ ቀራኒዮ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎና ቤተሰብዎ፣ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው አባላት በሙሉ፣ እንዲሁም በእድሩ እቃ ቤት ከነላስቲኩ የተቀመጠው ፍሪጅ እንደምን ሰንብታችኋል? ፍሪጁን ከሰው ጋር ደምሬ ሰላም ማለቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። በዚህ እድር ውስጥ እንደሱ የተከበረ፣ እንደሱም እንዳይደክም የሚታሰብለት አባል ስለሌለ ሰላምታ ብነፍገው ነውር ይሆንብኛል።

እኔ የወይዘሮ ገበያነሽ ልጅ ጥሩብርሃን ነኝ። እናቴን አይረሷትም፤ እድሩ የአስከሬን ማቆያ ፍሪጅ ይግዛ እያለች በየስብሰባው ተነስታ ያስቸገረችዎ እሷ ነች። እህቷ የሞተች ጊዜ ልጆቿ ከክፍለ ሀገር እስኪመጡ አስከሬኗን የሚያቆይልን ሆስፒታል ፍለጋ ከተማውን ስንዞር ስለዋልን፣ ይህ በሌላ ሰው አይድረስ ብላ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ ያለውን እድርተኛ ቤት ለቤት እየዞረች ያስፈረመችው በዚያ በታመመ ጉልበቷ ነው። ፍሪጁ ተገዝቶ ሪባን ሲቆረጥ እርስዎ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ እሷ ደግሞ ከኋላ ቆማ እልል አለች። የመጀመሪያዋ ተገልጋይ የመሆን ዕድልም ለራሷ ደረሳት።

በዚህ ሚያዝያ እናቴ ስታርፍ ወንድሜ ኪዳን ጅቡቲ ነበር። ማቀዝቀዣ ባለው የጭነት መኪና አትክልት የሚያመላልስ ሹፌር መሆኑን ያውቃሉ፤ እሱም የዚሁ እድር አባል ነው። ደውዬ ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳልደርስ እንዳትቀብሯት፣ ፊቷን ልይ አለኝ። እኔም ሞኟ፣ ፍሪጅ አለን አይዞህ፣ ተረጋግተህ ንዳ አልኩት።

እንግዲህ የምስጋናዬን ምክንያት በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ኮሚቴው ተራ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማያነብ ሁለት ጊዜ ያመለከትኩት ማመልከቻ ሲመለስልኝ ተረድቻለሁ።

፩. ስለ በሩ ጎማ

የፍሪጅ በር ዙሪያውን ለስላሳ ጎማ አለው፤ ውስጡ ማግኔት አለ። የጎማው ሥራ በሩ ሲዘጋ ከብረቱ ጋር ጥብቅ ብሎ ተለጥፎ የውጪውን ሙቀት መከልከል ብቻ ነው፤ ሌላ ሙያ የለውም። የእኛው ግን ከፋብሪካ ሲመጣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለነበር፣ ላስቲኩ ከተነሳ ጎማው ይቆሽሻል፣ አዲስነቱም ይጠፋል ተብሎ እንዳለ እንዲቀመጥ ኮሚቴዎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። በሁላችንም ቤት ሪሞቱ በላስቲክ ነው፣ ሶፋው በላስቲክ ነው፤ የእርስዎ መኪና ወንበርማ ስንት ክረምት አልፎበት ላስቲኩ እስካሁን አልተነሳም፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደ ቆሎ ይንጣጣል። ይሁን፤ ሶፋ በላስቲክ ቢሸፈን ቢበዛ የተቀመጠበትን ሰው ያልበዋል። የፍሪጅ ጎማ ላይ ላስቲክ ሲቀር ግን ጎማው ብረቱን አያገኘውም፤ በተጨማደደው ላስቲክ መሐል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል፤ ሙቀቱም በዚያ በኩል ማን ነህ ሳይባል ይገባል። ኮሚቴው በሩ አልገጥም ማለቱን ሳያስተውል ቀርቶ አይደለም፤ አስተውሏል፣ የድንኳኑን አግዳሚ ወንበር አምጥቶ አስደግፎበታል። ለዚህ ፈጣን መፍትሔ የምስጋና ቃል ያጥረኛል።

፪. ስለ ቫልቩና ስለ ጋሽ ወንድይፍራው ጥንቃቄ

የእቃ ቤታችን ኃላፊ ጋሽ ወንድይፍራው አንዲት ማንኪያ እንኳ ጠፍታባቸው የማታውቅ ሰው ናቸው። ከፍሪጁ ጀርባ፣ ጋዙ በሚያልፍበት ቱቦ ላይ አንድ ቫልቭ አለ። ገጣሚዎቹ ሲተክሉት አንዴ ከፍተው፣ የነሐስ ክዳኑን አጥብቀው፣ ከእንግዲህ አትንኩት ብለው ሄደዋል። ጋሽ ወንድይፍራው ግን ጋዝ የሚባል ነገር ተከፍቶ ሲያድር እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ቤታቸው ወጥ በተሠራ ቁጥር የቡታጋዙን ሲሊንደር ዘግተው፣ መዘጋቱን አይተው፣ ከደጅ ተመልሰው ደግመው የሚያዩ ሰው ናቸው። ይህም እንደዚያው መስሏቸው፣ ጋዙ እንዳያልቅ፣ ሰፈሩም እንዳይቃጠል ብለው ማታ ማታ ይዘጉታል፣ ጠዋት ጠዋት ይከፍቱታል። ክዳኑን በየቀኑ መፍታት ሲሰለቻቸውም እንዳይጠፋ ምስማር ላይ ሰቀሉት።

ቫልቩ ሲዘጋ ጋዙ አይዞርም፤ ጋዙ ካልዞረ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢያጓራ ቅዝቃዜ የለም። በዚያ ላይ በቫልቩ ዘንግ ዙሪያ ጋዙን አፍኖ የሚይዝ ቀጭን ቀለበት አለ፤ በየቀኑ እንዲጠመዘዝ የተሠራ ስላልሆነ ተፍቆ ተፍቆ አለቀና ጋዙ ቀስ በቀስ ወጣ። እንዳያልቅ የተፈራው ጋዝ ያለቀው ሲጠበቅ ነው። ጋሽ ወንድይፍራውን አልወቅስም፤ ማንም ያልነገራቸውን ከየት ይወቁት? የገጣሚዎቹን ማስጠንቀቂያ የሰሙት እርስዎ ነበሩ፤ እርስዎ ደግሞ ያን ዕለት ንግግርዎን ሲያጠኑ ስለነበር ጆሮዎን ማስቸገራቸው የገጣሚዎቹ ጥፋት ነው።

፫. ስለዚያች ጠዋት

እናቴን አመሻሹ ላይ አስገባናት። ጋሽ ወንድይፍራው እንደ ልማዳቸው ቫልቩን ዘጉ፣ ወንበሩን አስደገፉ፣ ከዚያ ለቅሶ ቤት መጥተው ከእኛ ጋር ንፍሮ እየቆረጠሙ፣ እናታችሁ በክብር አርፋለች፣ አትስጉ ብለው አጽናኑን። በማግሥቱ የእናቴ ጓደኛ እትዬ ድንቅነሽ ከፈኗን ሊያስተካክሉ ገቡ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወጡ። ዕጣን አምጡ ሲሉ ነው ነገሩ የገባኝ።

ከዚያ በኋላ የታየው የኮሚቴው ቅልጥፍና ግን አፍ ያስከፍታል። አንድ ድስት ለማስጠገን ሁለት ስብሰባ የሚፈጅበት ኮሚቴ ቆሞ ተሰብስቦ፣ ቆሞ ወስኖ፣ ቀብሩ ቀትር ሳይሆን ይፈጸም አለ። ኪዳን በዚያን ሰዓት አዋሽን አልፏል። በስልክ እርስዎን ራስዎን ጋሼ በእናትዎ፣ እስከ ማምሻው ብቻ ብሎ ለመነዎት። እርስዎም አስከሬን ማቆየት ሟችን ማንገላታት ነው፣ ባህላችንም አይደለም ብለው መለሱለት። የአስከሬን ማቆያ ፍሪጅ ገዝቶ አስከሬን ማቆየትን የሚቃወም መሪ በሌላ ሰፈር ይገኛል ብዬ አላምንም፤ እኛ ግን ታድለን አግኝተናል።

ኪዳን የደረሰው ሕዝቡ ከቀብር ተመልሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ምሳ ሲቀርብለት ነው። የጭነት መኪና ቀን ከተማ አይገባምና መኪናውን ከከተማ ውጪ ጥሎ፣ ጦር ኃይሎች በታክሲ ደርሶ፣ መንገዱ ሲዘጋጋ ወርዶ ሮጦ ነው የመጣው። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ እማዬ የታለች አለ። ሁሉም ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። ክቡር ሊቀመንበር፣ ይህ ልጅ ቲማቲም በዚያ በአፋር ሙቀት አሳልፎ ቆዳው ሳይሸበሸብ ጅቡቲ የሚያደርስ ልጅ ነው። የእኛ እድር እናቱን አንድ ቀን አላቆየለትም። እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያልቅብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንጀቴ አርሯል። ወንድሜ ያን ዕለት ሲጮህ የሰማሁትን ጩኸት እስክሞት አልረሳውም።

፬. ስለ ተሰጠን ማስጠንቀቂያ

ከሰልስት በኋላ ኪዳን እቃ ቤት ገብቶ ፍሪጁን አየ። ማቀዝቀዣ የዕለት ሥራው ነውና ለማየት ብዙም አልፈጀበትም። ቫልቩን የሳሙና አረፋ ሲቀባው አረፋው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ተነሳ፤ የቀረችው ጋዝ እየወጣች ነበር። ከዚያ በሩ ፊት ተንበርክኮ ላስቲኩን ከጎማው ላይ እየላጠ አለቀሰ። ጋሽ ወንድይፍራውም ነገሩ ሲገባቸው ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ቀና ብለው አይተው አያውቁም። ኮሚቴው ግን እንባ ስለማይቀናው ሥራውን ሠራ። አባል ኪዳን ያለፈቃድ የእድሩን አዲስ ንብረት ላስቲክ በመላጡ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ለጎማውም ከመርካቶ ሌላ ላስቲክ ተገዝቶ እንደገና ተጠቀለለ። ይኸኛው አበባ አለበት። በጣም ያምራል።

ፍሪጁ ያልቀዘቀዘበትን ምክንያት በተመለከተ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ነው ተብሏል። በእርግጥ በእኛ ሰፈር መብራት አይጠፋም ብሎ የሚከራከር ጤነኛ ሰው አይገኝም። ያን ዕለት ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ አልጠፋም፤ በእሱው ብርሃን ስናለቅስ ነው ያደርነው።

የምጠይቅዎ ትልቅ ነገር አይደለም። ላስቲኩ ከነአበባው ይነሳ። የቫልቩ ቀለበት ይቀየር፣ ጋዝ ይሞላ፣ ቫልቩ ተከፍቶ ክዳኑ ይጥበቅ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይንካው። ጋሽ ወንድይፍራውን አንድ ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ ሳያዋርዳቸው ያስረዳቸው። ፍሪጁም እንደ ማንኛውም እቃ እየሠራ ይርጅ፤ አዲስ ሆኖ የሚጠብቀው ሠርግ የለበትም። በዚህ ሰፈር ልጆቻቸው ሩቅ ሀገር የሆኑባቸው ስንት አዛውንት አሉ መሰለዎት? እትዬ ድንቅነሽ ከመቃብር ስንመለስ እጄን ይዘው፣ የኔ ልጅ ከአርባ ምንጭ ነው የሚመጣው፣ እንግዲህ ምን ላድርግ አሉኝ። ሊቀመንበሩን እጠይቅልዎታለሁ አልኳቸው። ይኸው ጠየቅኩ።

በተረፈ በአመራር ጥበብዎ፣ ንብረትን ከጥቅም በመጠበቅ ችሎታዎ፣ በተለይም ሰውን በማጽናናት ስጦታዎ ዘወትር እየተደነቅኩ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና ጤና የምመኘው ከልቤ መሆኑን እንዲያምኑልኝ እለምናለሁ። የእርስዎም ልጆች ውጪ ሀገር ናቸውና፣ ፍሪጁ እስኪሠራ ድረስ በምንም ምክንያት እንዳይቸኩሉብን አደራ።

እስከ መሬት ጎንበስ ብዬ እጅ በመንሳት፣

ጥሩብርሃን
የእድርተኛ ልጅ፣ ራሷም እድርተኛ

ግልባጭ፦ በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ከፈረምኩ በኋላ የተጨመረ፦ ብዕሬን አስቀምጬ ልነሳ ስል ከጸሐፊው አንድ ማሳወቂያ ደረሰን። አባል ኪዳን በወይዘሮ ገበያነሽ ቀብር ላይ ባለመገኘቱ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ተቀጥቷል ይላል። አንከራከርም፤ ልጁ በእርግጥም አልተገኘም። ሆኖም ያው ደንብ ከቀብር የቀረ አባል የቀረበትን ምክንያት በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል ስለሚል፣ ከላይ ያለው ሁሉ እንደ ምክንያት ተቆጥሮ ከማኅደሩ ጋር እንዲያያዝለት በትሕትና እጠይቃለሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረውም። እየመጣ ነበር።