ለኢህሳን ያልተነገረው አደጋ

ለተከበሩ የሄሊኮፕተር ድርጅቱ የበረራ ደህንነት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም እንቅልፍዎ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አስኮ ባለው ቤቴ በላዬ ላይ ሄሊኮፕተር ሲያልፍ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ሥራዬን አቁሜ እያዳመጥኩ እኖራለሁ። ሃፊዛ እባላለሁ፤ ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት፣ መድኃኒት ጭኖ ወደ አንድ ደጋ ወረዳ ሲበር ከተራራ ተላትሞ የሞተው የካፒቴን ኢህሳን ባለቤት ነኝ። ምናልባት ረስተውት እንደሆነ ብዬ ነው።

የባለቤቴን ትልቅ ፎቶ በአዳራሻችሁ ስላሰቀሉልኝ አመሰግናለሁ። በዕለቱ ባደረጉት ረጅም ንግግር «ጀግና ነበር» ብለዋል። እንዴት እንደሞተ ግን ለባልደረቦቹ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

አንደኛው ቅሬታዬ ከዚሁ ይጀምራል። በለቅሶው ሰሞን ከእናንተ ዘንድ ጡረታ የወጡት አብራሪ፣ ካፒቴን አምሐ፣ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ኢህሳን በሞተበት፣ በሁለቱ ተራሮች መሃል፣ እኔም ደመና ውስጥ ገብቼ ነበር» አሉኝ። እንዳስረዱኝ፣ ከፊት መንገዱ ክፍት መስሎ ሲታይ ደመናው ከኋላ መጥቶ መመለሻውን ይዘጋል፤ መሬቱ ከዓይን ሲጠፋ ደግሞ አብራሪው ቀጥ ማለቱንና መዘንበሉን እንኳ መለየት ያቅተዋል። እሳቸው በተሰበረ እግር ተረፉ። «ታዲያ ለኢህሳን ለምን አልነገሩትም?» አልኳቸው። «‹አብራሪዎቹን ታስፈራራብናለህ፣ ዝም በል› ተብዬ ነው ልጄ» አሉና አለቀሱ። የክቡርነትዎ ጥንቃቄ በእርግጥ ሠርቷል፤ ኢህሳን ምንም ሳይፈራ ነው የገባው።

ሁለተኛ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ አብራሪዎቹን ሰብስበው በካፒቴን አምሐም በኢህሳንም የደረሰውን እንዲነግሯቸው ለመንኩዎ። እርስዎም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «የሟችን ስህተት ማንሳት ነውር ነው» አሉኝ። ለባለቤቴ ክብር ከእኔ በላይ መጨነቅዎ ልቤን ነክቶታል። ዳሩ ግን በእሱ ስህተት ሌላ ሰው ቢተርፍ ኢህሳን ደስ የሚለው እንጂ የሚያፍር ሰው አልነበረም።

ስለዚህ እኔው ቤቴ ጠራኋቸው። ሳምቡሳ ጠበስኩ፣ ወንበር ከጎረቤት ለመንኩ። የመጣው ጋዲሳ የሚባል አብራሪ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ የእርስዎን ፊት ፈርተው ቀሩ። ካፒቴን አምሐ ባዶ ወንበሮች መሃል ቆመው ለአንድ ሰው ሁሉንም ተናገሩ። እንግዶቼን ከሸኘሁ በኋላ ወንበሮቹን አንድ በአንድ መለስኩ። ቤቱ ከለቅሶው ማግስት ይልቅ ያን ቀን ባሰብኝ።

ባለፈው ክረምት ጋዲሳ በዚያው መንገድ ተላከ። ተመልሶ መጀመሪያ የመጣው እኔ ቤት ነው። «እትዬ ሃፊዛ፣ ከፊቴ ያለው የተራራ ጫፍ ደመና ውስጥ ሲጠፋብኝ ትንሽ ብገፋ የማልፍ መስሎኝ ነበር። ካፒቴን አምሐ ያሉት ትዝ አለኝና አዞርኩት» አለኝ። ማሳ ላይ አርፎ፣ አብረውት ከነበሩት ነርሶች ጋር ገበሬ ቤት አድሮ፣ ሰማዩ ሲጠራ መድኃኒቱን አድርሷል። መረቅኩት፣ ሳቅኩለትም። ሲሄድ ግን በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለካ ማዞር ይቻል ነበር! አስቀድሞ የነገረው ቢኖር ኢህሳንም እንዲሁ ዘግይቶ፣ ጫማው ጭቃ ለብሶ ይመጣልኝ ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታዬ አጭር ነው፤ ለዚህ ሰው፣ ዘገየህ ብለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥተውታል። ለሞተው ፎቶ፣ ለተረፈው ማስጠንቀቂያ!

ለዚህም ቢሆን ምስጋና ይገባዎታል። የጋዲሳ መቀጣት ከተሰማ ወዲህ ሌሎቹ አብራሪዎች ተናደው አንድ ሁለት እያሉ ቤቴ መምጣት ጀምረዋል። እያንዳንዱ ያመለጠውን አደጋ ያወራል፤ ሌሎቹ ይጠይቁታል፣ ይከራከራሉ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤታቸው፣ ወደየሚስቶቻቸው ይሄዳሉ፤ እኔም ብርጭቆዎቹን አጥባለሁ።

ክቡርነትዎ ዕድሜና ዕረፍት እንዲበዛልዎ እየተመኘሁ፣ ሥራዎን በነጻ እየሠራሁልዎ የምገኝ ታማኝ ረዳትዎ፣
ሃፊዛ፣ ከአስኮ

ማስታወሻ፦ በጋዲሳ ደብዳቤ ላይ «ያለ በቂ ምክንያት በመዘግየቱ» የሚል አንብቤአለሁ። በቂ ምክንያቱ ኮልፌ፣ የሙስሊም መቃብር ውስጥ ተኝቷል። ዓርብ ዓርብ እዚያ ስለማልጠፋ፣ ሲመችዎ ቢመጡ አሳይዎታለሁ።